አባ ፈረደ ነጥቡን ያልቆጠሩ ዕለት

የሞታቸውን ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዙሪያውን በጥቁር መስመር የታጠረ የዕብራይስጥ ወረቀት ነው፤ እሳቸው ስንት ዓመት በተቀመጡበት በፋብሪካችን የዘበኛ ክፍል መስኮት ላይ ተለጥፏል። አባ ፈረደ ቢኖሩ «እስቲ ድገሚው» ይሉኝ ነበር። አንድ ወረቀት ሁለት ጊዜ ተነቦ ቃሉ ከተለያየ አንባቢው ዋሽቷል የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። ደገምኩት። ቃሉ ያው ነው። አውቶቡሱ ያወረዳቸው የጠዋት ፈረቃ ሠራተኞች ከኋላዬ እየተገፋፉ ሲገቡ እኔ መንገዱን ዘግቼ ቆሜ ቀረሁ።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም። «አሁን ማንን ልጠይቅ ነው?» ነው ያልኩት። ከአምስት ዓመት በፊት እናቴ ቤት ተቀምጠው አንድ ቃል ፈርደው ነበር። ያ ቃል እውነት ይሁን ውሸት ሳልጠይቃቸው፣ ጭራሽ አኩርፌያቸው ሞቱብኝ።

ፋብሪካችን የፕላስቲክ ዕቃ የሚሠራ ነው፤ አፉላ፣ የኢንዱስትሪ ቀጠናው ጥግ ላይ። አባ ፈረደ የበሩ ሾሜር ነበሩ፤ ዘበኛ ማለት ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮፍያው ሁልጊዜ የሚሰፋቸው ሰው። የእኛ ሰው ሁሉ ለክብራቸው «አባ» ይላቸዋል። በዕብራይስጥ ደግሞ «አባ» የገዛ አባትን መጥሪያ ነው። አዲስ የመጣ አንድ አለቃ፣ የፈረቃው ሐበሻ ሁሉ በየጠዋቱ «አባ፣ እንዴት አደሩ» እያለ ሲገባ ሰምቶ፣ «ይሄ ሰውዬ ስንት ልጅ ነው የወለደው?» ብሎ ጸሐፊዋን በሹክሹክታ ጠየቃት። እኛ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አባ ፈረደ ግን አልሳቁም። «ለምን ጠየቀ? የልጅ ቁጥር ምን ያደርግለታል?» አሉ።

እንዲህ ነበሩ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ሌላው ሰው ይተርተዋል፤ እሳቸው ይኖሩት ነበር። ያኔ በአገሩ ቦርሳ የማይፈተሽበት በር አልነበረም። ሌሎቹ ዘበኞች ከፈት አድርገው አየት አድርገው ያሳልፋሉ። አባ ፈረደ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተው ይዳስሳሉ፤ ዳቦውን ይጫኑታል፣ የሻዩን ፔርሙዝ ይነቀንቁታል። የመግቢያ ካርድ ብታሳያቸውም አይበቃም።

«ተናገሪ እስቲ» ይሉኛል።

«ምን ልናገር አባ?»

«በቃ። እለፊ።»

አሥር ዓመት በየቀኑ የሚያዩኝ ሰው ናቸው እንግዲህ! አንዳንዱ ሠራተኛ ይበሳጭባቸዋል፤ አንዳንዱ ሆን ብሎ ዝም ይላቸዋል፤ ዝም ላለ ሰው በሩ አይከፈትም። አንድ ጊዜ ያ አለቃ ራሱ አምስት ደቂቃ ዝናብ ላይ ቆሟል።

ሐኪም አያምኑም። ለዚህስ ምክንያት ነበራቸው። ፈረደ የሚለው ስማቸው በዕብራይስጥ ፊደል ሲጻፍ «ፒርዳ» ተብሎም ይነበባል፤ በቅሎ ማለት ነው። አንድ ቀን ክሊኒክ ወረፋ ይዘው ሳለ ነርሷ ወጥታ «ፒርዳ! ፒርዳ ማነው?» እያለች ተጣራች። አዳራሹ ሙሉ ሰው ዞሮ በቅሎውን ይፈልጋል። አባ ፈረደ ተነሥተው በበሩ ወጥተው ሄዱ። «ስሜን በቅሎ ያለች ቀሪውን ገላዬን ምን ልትለው ነው?» አሉን በማግስቱ። ከዚያ ወዲያ የሐኪም ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ታሪኩን ስንት ጊዜ ስናወራው፣ መጀመሪያ ምን አሟቸው እንደሄዱ ግን አንዳችንም አልጠየቅናቸውም።

አገር ቤት ወገራ ውስጥ ጠይብ ነበሩ፤ ብርና ብረት ይሠራሉ፤ አባታቸውም እንደዚያው። የጎረቤቱ ገበሬ ቀን ማረሻውን አሠርቶ ይሄዳል፣ ማታ ልጁን ሆዱን ሲያመው ቡዳው ጠይብ በላብኝ ይላል። ጌጥ ቢሠሩ ብሬን ቀነሱብኝ ይባላሉ። «ተጠርጥሮ ያደገ ሰው መጠርጠር ያውቅበታል» አሉኝ አንዴ፤ የዋዛም የምርም በሆነ ድምፅ።

ጠገራ ብርን ያየ ያውቃል፤ በአንድ ፊቱ ወፍራም ሴትዮ ተሥላለች። ትከሻዋ ላይ ጌጥ አላት፤ በጌጡ ዙሪያ ጥቃቅን ነጥቦች አሉ። አባ ፈረደ እንደሚሉት ዘጠኝ መሆን አለባቸው። ድሮ ገበያ ላይ ነጥቧ ያልሞላ ብር የሚቀበል አልነበረም። ይህንን ይዘው መጥተው ለሁሉ ነገር አደረጉት። የቤት ኪራይ ውል ስፈርም «ነጥቡን ቁጠሪ»። አዲስ ጫማ ስገዛ «ነጥቡን ቆጠርሽ?» አንድ ሊያገባኝ የፈለገ ልጅ እስከ በሩ ሸኝቶኝ፣ እሳቸውን «ሻሎም» ብሎ ሲመለስ «ነጥቡ ስምንት ነው» አሉኝ። ተናደድኩ፤ ሁለት ቀን አላናገርኳቸውም። ልጁ ሚስት ያለው ሆኖ ተገኘ።

ደብዳቤያቸውን የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ከየቢሮው የሚመጣውን ሚክታብ ሁሉ ኪሳቸው ውስጥ አጥፈው ይጠብቁኛል። «ስምሽ ይታይሽ ነው፤ እንግዲህ አንቺ እይልኝ» ይላሉ። አነብላቸዋለሁ፣ ወደ አማርኛ እመልስላቸዋለሁ። «ድገሚው» ይላሉ። እደግመዋለሁ። እኔንም እየጠረጠሩኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ከእሳቸው ፈተና ያለፈ ነገር የትም ይቆማል።

አሁን ወደ ብሩ ልምጣ።

እናቴ አንድ ጠገራ ብር አላት። ትንሽ ልጅ ሳለች አባቷ ማንጠልጠያ አስበይዶ አንገቷ ላይ ያሰረላት ነው። እሱም ብዙ ሳይቆይ ሞተ፤ ፊቱን እንኳ በወጉ አታስታውሰውም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንመጣ ከለበሰችው ቀሚስ ሌላ ይዛ የመጣችው ነገር ቢኖር እሱን ነው። ከአባቷ የቀራት ያ ብር ብቻ ነው።

ታናሽ እኅቴ ልታገባ ስትል እናቴ ብሩን ለሠርጓ አንገቷ ላይ ላስርላት አለች። ማንጠልጠያው ግን ተነቃንቆ ነበር። እኔ አዋቂ ነኝ ብዬ፣ ሳላማክራት፣ ከተማ ወርጄ ለአንድ ወርቅ ቤት ሰጠሁት። ባለሱቁ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ነይ አለኝ። ሄድኩ። ብሩን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረው። እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል። «አጥቤልሻለሁ፣ ያለ ክፍያ» አለኝ። ከዚያ ሳልጠይቀው ጨመረበት፤ «ብዙ አትመኪበት። ሜዙያፍ ሊሆን ይችላል። ይሄ ዓይነት ብር አስመስለው የሠሩት ብዙ ነው።»

ሜዙያፍ፤ ሐሰተኛ። ከሁለት ቀን በፊት ሲቀበለኝ ለምን አላለኝም? አውቶቡስ ላይ ሰፈራችን አፉላ ኢሊት እስክደርስ ያቺን ቃል እያላመጥኳት ነበር። ሌባ አስቀድሞ ያወራል ሲባል ሰምቻለሁ።

እናቴ ብሩን መዳፏ ላይ አድርጋ ብዙ አየችው።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አለች።

«አጥበውት ነው እማ።»

«ጥቁር ሰጥቼሽ ነጭ አመጣሽልኝ! የአባቴን ብር ምን አደረግሽው?»

ወረቀቱን አሳየኋት፤ ባለሱቁ ያለኝንም ነገርኳት። ባሰባት። «ወረቀት ሰጥተው ብሬን ወሰዱ! ከመቼ ወዲህ ነው ሰው ብሩን ትቶ የሚሄደው?» በእሷ አገር ባለቤቱ ብሩን ይዞ ይመጣል፣ ተቀምጦ ያያል፣ ይዞ ይሄዳል። እኔ ደግሞ የዚህ አገር ሰው ሆኜ ትቼው ሄድኩ። ሳምንት ሙሉ እንጀራ ታቀርብልኛለች፣ አታናግረኝም። የሚያመኝ እሱ አልነበረም፤ ማታ ማታ ከፍራሹ ሥር እያወጣች ታየዋለች፣ ከዚያ እኔን ታየኛለች። ሸጬው እንደሆነ እያሰበች ነበር። የገዛ እናቴ።

በመጨረሻ ራሷ አፏን ከፈተች። «ያንን ብር የበየዱት የአባ ፈረደ አባት ናቸው። እሳቸው ይምጡና ይፍረዱ።»

ዓርብ ከቀትር በፊት ከሥራ ወጥተው መጡ፤ የዘበኛውን ልብስ እንደለበሱ። ሦስት ፎቅ ደረጃውን መደገፊያውን ጨብጠው በቀስታ ወጡ። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች፤ ዳኛ ፊት እንደቆመች ሰው።

«አባ ፈረደ፣ አንቱ ይፍረዱኝ። ይሄ ብር የእኔ ነው ወይ?»

ብሩን ከእጇ ተቀበሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ትንፋሼን ይዤ ነጥቡን እስኪቆጥሩ እጠብቃለሁ። አልቆጠሩም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው ብሩን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል ያዙት። በጥፍራቸው ጠርዙን ዞሩት፤ አንዴ፣ ሁለቴ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ብሩን አንዴም ቁልቁል አላዩትም።

«የአንቺ ነው ትርንጎ» አሏት። «ከአባትሽ እጅ የወጣው ነው።»

«በምን አወቁት?»

«ስሜ ፈረደ ነው፤ ፈረድኩ» አሉ፤ ትንሽ ፈገግ ብለው።

እናቴ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ ግንባሬን ሳመችኝ፣ «ይቅር በይኝ ልጄ» አለችኝ። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አላለኝም። ዳቦ ተጭነው የሚያሳልፉ ሰው፣ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ የሚያስነብቡ ሰው፣ ብር ሰጥተናቸው ነጥቡን ሳይቆጥሩ ፈረዱ!

ልሸኛቸው ደረጃው ላይ ስንወርድ አላስቻለኝም።

«አባ፣ ነጥቡን አልቆጠሩም።»

ቆሙ። መደገፊያውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«የተጠየቅኩትን መልሻለሁ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መጻፍ ያሳፍረኛል። እናቴ አመነችኝ፤ ሠርጉ ተደገሰ፣ ብሩ ከእኅቴ አንገት ላይ አበራ። እኔ ግን አላመንኩም። ለእናቴ አዝነው ዋሹ አልኩ። ባለሱቁ ለውጦብኛል፣ እሳቸውም አውቀዋል፣ ለሰላም ብለው ሸፋፈኑት አልኩ። አንድ ቀንማ ከባለሱቁ ጋር ይተዋወቁ ይሆን ብዬም አሰብኩ። መጠርጠርን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ላይ ተለማመድኩት። ብሩን ባየሁ ቁጥር የእናቴን አባት ጥዬ የሌላ ሰው ብር ያመጣሁ ይመስለኝ ነበር።

ከሠርጉ ጥቂት ቀን በኋላ በሩ ላይ አንድ ሚክታብ ከኪሳቸው አወጡ። «ይታይሽ፣ እይልኝ እስቲ» አሉኝ።

«ዛሬ ደግሞ ራስዎ ይዩት» አልኳቸው።

ወረቀቱን በአራት አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱት። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ አልሰጡኝም። የምን ደብዳቤ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ከቤታቸው ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሱፍ ፍሬ ሲቆረጥሙ አያቸው ነበር። አንድ ቀን በፊታቸው ሳልፍ ቀና አሉ። «ማነው? ተናገር እስቲ» አሉ። ሁለት እርምጃ ብንራራቅ ነው። አሁንም ይጠረጥሩኛል ብዬ ከነከነኝ። ሳልናገር አለፍኩ።

ለቅሶው ከሕንጻቸው ሥር ነበር፤ ድንኳን፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሽማግሌዎች። ሴት ልጃቸው ሺራ እዚሁ አገር ያደገች ናት። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና ስለ አባቷ ስናወራ፣ በር ላይ «ተናገሪ እስቲ» ይሉን እንደነበር ነገርኳት። ለመሳቅ ብዬ ነበር። እሷ ግን አየችኝ።

«ሎ ያዳት?» አለችኝ። «አታውቂም እንዴ? አባ እኮ አያይም ነበር።»

«መቼ?»

«ከሰባት ዓመት በፊት ጀምሮ። የዓይን ሞራ። ጥላ ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። ለሜናሄል፣ ለአለቃው፣ እንዳትናገሩ አለን፣ ፔንሲያ፣ ጡረታ እስኪወጣ። ኦፕሬሽን አድርግ ብለን ለመንን፣ ዓይኔን ለማንም አልሰጥም አለ። ሰውን በድምፅ ነው የሚያውቀው።»

ድምፅ፣ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ክንድ፣ «አንቺ እይልኝ»፣ የደረጃው መደገፊያ። የትኛው ጥርጣሬ ነበር፣ የትኛው ዓይናቸው? ክሊኒክ የሄዱትስ ለዚያው ይሆን? ሰውን ሁሉ ተጠራጥረው ብርሃናቸውን አጡ፤ እኔ ደግሞ ሁለት እርምጃ ላይ ቆሜ ድምፄን ነፈግኳቸው።

ከፊታችን የተቀመጡት ሚስታቸው እማማ ዘነቡ ሰምተው ኖሮ ዞሩ።

«የትርንጎ ልጅ አይደለሽ? ያንን ብር ያየ ዕለትማ ጉድ ነበር» አሉ። «እቤት ገብቶ እጄን አልታጠብም አለኝ። ምነው ብለው፣ ዛሬ የአባቴን ደጅ ዳስሼ መጣሁ አለኝ።»

«እንዴት እማማ?»

«አማቴ ብር ከመንካታቸው በፊት ሞረዱን ለባለቤቱ ነበር የሚሰጡት። ጠርዙን ራስህ ጫረው፣ ምልክትህን አንተው እወቀው ይላሉ። ጠይብ ለወጠብን እንዳይባሉ ነዋ! የእናትሽ አባት ሦስት ጫረ። ግራኝ ነበርና ሦስተኛው ላይ ሞረዱ አዳለጠው፣ ጠማማ ሆኖ ቀረ። ፈረደ ያኔ ከአባቱ ጋር ይሠራል፤ ሲስቁበት ያስታውሰዋል። ሃምሳ ዓመት አልፎ ያችን ጠማማ በጥፍሩ አገኛት።»

«ለምን አልነገሩንም ታዲያ?»

«ምልክቱን ብነግራቸው አሳየን ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ የት ጋ እንደሆነ ዓይቼ አላሳያቸው፤ ዓይኔ ይታወቅብኛል አለ። ነጥቡንም አላየሁት፣ እውነተኛ ብር ነው ብዬ አልማልኩም አለኝ። የጠየቀችኝ የእኔ ነው ወይ ብላ ነው፤ የእሷ ነው።»

ከለቅሶው ስወጣ በዚያ አግዳሚ ወንበር በኩል አለፍኩ። ባዶ ነው። ቆምኩ። «እኔ ነኝ አባ፣ ይታይሽ» አልኩ ጮክ ብዬ። አንድ መንገደኛ ዞሮ አየኝ፤ ግድ አልሰጠኝም።

እናቴ ቤት ገብቼ ብሩን ስጪኝ አልኳት። ከሠርጉ በኋላ ወደ ፍራሿ ሥር ተመልሷል፤ እንደገና መጥቆር ጀምሯል። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ጠርዙን በጥፍሬ ዞርኩት። ከማንጠልጠያው ትይዩ፣ ከታች በኩል ጥፍሬ ተያዘ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ጠማማ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺ?» አለች እናቴ። «አሁን ደግሞ የእኔ አይደለም ልትዪኝ ነው?»

«ያንቺ ነው እማ። ከአባትሽ እጅ የወጣው ነው።»

ያ የባለሱቁ ቃል ለካ እሷም ሆድ ውስጥ ኖሮ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንግዲያ ከያዝሽው አይቀር፣ ነጥቡን አትቆጥሪልኝም?» አለችኝ።

ዓይኔን ሳልገልጥ እጇን ፈልጌ ብሩን መዳፏ ውስጥ አኖርኩላትና ጣቶቿን አጠፍኩባት።

«እሱን አልተጠየቅንም» አልኳት።